የቦክሰር ሞተር የአፓቺን ፎርክ ይሸከማል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ልጅ ነው፤ ቦክሰር 150 ሞተር ብስክሌት ይነዳል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን የደንገጎን ዳገት ወጥቶ እስከ አወዳይ ይሄዳል። ከኋላው ሰው ወይም ዕቃ አይጠፋም። በቅርቡ ጉድጓድ ውስጥ ገባና የፊት ጎማውን ከያዙት ሁለት የፎርክ ቱቦዎች አንዱ ጎበጠ፣ ሌላው ዘይት ማፍሰስ ጀመረ። ድሬ ውስጥ የራሱን ዕቃ አላገኘም። ጓደኛው ደግሞ ከተጋጨ ቲቪኤስ አፓቺ ላይ የተፈታ ሙሉ የፊት ክፍል አገኘለት፤ ጎማውም ዲስክ ፍሬኑም አለ። ሠሪው ግን ቱቦዎቹን ብቻ አውጥቶ በቦክሰሩ ማቀፊያ ውስጥ ሊገጥማቸው አስቧል። «ትንሽ ይቀጥናሉ፤ ቆርቆሮ ጠቅልለን እንሞላዋለን» ብሎታል። «ጋሼ፣ ይገጥማል ወይስ ብሬ ሊበላ ነው?» ይላል።

መግጠሙስ ይገጥማል። ድሬ ውስጥ የማይገጥም ነገር አይቼ አላውቅም። እኛ ፔጆ 404ን እስከ ዛሬ እየጠጋገንን የኖርን ሰዎች ነን። እኔን የሚያስጨንቀኝ ከተገጠመ በኋላ ያለው ነው። ሰው ከኋላህ አስቀምጠህ፣ ደንገጎን እየወረድክ፣ መታጠፊያው ላይ የፊት ፍሬን ስትይዝ ያ ፎርክ ምን ይሆናል? መልሴን ከዚያ ቁልቁለት ሆኜ የምሰጥህ ነው ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ አፓቺ የተጋጨው በምኑ ነው? በፊቱ ከሆነ የሚሸጥልህ ራሱ የተመታው ዕቃ ነው። የጎበጠ ፎርክ ጥለህ የጎበጠ ፎርክ ልትገዛ ነው ማለት ነው። ሞተር ከኋላው ተገጭቶ ለቁርጥራጭ ሲፈታ እምብዛም አይገጥመኝም። ስለዚህ ብር ከመስጠትህ በፊት ቱቦዎቹን አስፈታ። ቀጥ ያለ ወፍራም መስታወት ፈልግ፤ የተሰበረ የጠረጴዛ መስታወት ይበቃል። ቱቦውን አስተኛበትና በእጅህ መዳፍ ቀስ እያልክ አንከባል። ከሥር የእጅ ባትሪ አብራ። ቀጥ ያለ ቱቦ ዝም ብሎ ይንከባለላል። የጎበጠው ከሥሩ ብርሃን ያሳይና መልሶ ይዘጋዋል፤ ሲንከባለልም ቷ ቷ ይላል። ይህን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ቱቦዎቹ ቀጥ ካሉ ወደ ማቀፊያው እንሂድ። ማቀፊያ የምለው ሁለቱን ቱቦዎች ጨብጠው የያዙትን የላይኛውንና የታችኛውን ነው። ታችኛው ሲጠመዘዝ በዓይን አይታይም። ሁለቱን ቀጥ ያሉ ቱቦዎች አስገብተህ አጥብቅ። ያንኑ መስታወት በሁለቱ ቱቦዎች ላይ አጋድም። በአራቱም ጫፍ ከተቀመጠ ሰላም ነው። እንደ አንድ እግሩ ያጠረ በርጩማ ከተነቃነቀ ማቀፊያው ዞሯል። ከዚያ ስንጥቅ ፈልግ። ማቀፊያውን በነጭ ጋዝ እጠበው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ የጠመኔ ዱቄት አብስበት። ሻይህን ጠጥተህ ስትመለስ ስንጥቅ ካለ ጋዙ ከውስጥ እየወጣ ጠመኔው ላይ ቀጭን መስመር ይሥላል። እኔ በዚህ መንገድ ጤነኛ የሚመስሉ ስንት ማቀፊያዎች ጥያለሁ።

የራስህንም ሻንሲ እይ። ፎርክ ያጎበጠ ጉድጓድ አንዳንዴ አንገቱንም፣ የመሪው ዘንግ የሚያልፍበትን የሻንሲ ጫፍ፣ ይገፋዋል። ከአንገቱ ሥር፣ ቱቦዎቹ የተበየዱበት ቦታ ላይ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ቆዳ ከተጨማደደ አቁም። አንገቱ ከሄደ የየትኛውም ሞተር ፎርክ አያቀናውም።

አሁን ወደ ቆርቆሮው። አቦ፣ ይህን ነገር ራሴ ስላደረግኩት ነው የምናገረው። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ያማሃ ላይ ቀጭን ቱቦ በሰፊ ማቀፊያ ውስጥ ገጠምኩ። የዘይት ጣሳ ቆርጬ ጠቀለልኩበት። ብሎኑን ሳጠብቀው ሞርሳ እንደያዘው ያዘ። ራሴን አደነቅኩ። ለባለቤቱ ከመስጠቴ በፊት ልሞክረው ብዬ ደንገጎ ወጣሁ። ስወርድ አንድ ጠምዛዛ ላይ ፍሬን ያዝኩ። «ጢቅ» አለ። መሪው ከእጄ ሥር ዝቅ አለና ወደ ግራ ዞሮ ቀረ። ጎማው ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው! እንደምንም አቁሜ ወረድኩ። የቀኙ ቱቦ ከላይኛው ማቀፊያ በላይ የአውራ ጣት ያህል ወጥቶ ቆሟል። ጣሳው ተጨማዶ አብሮ ብቅ ብሏል። በላዩ ላይ የነበረው ቀይ ጽሑፍ ገና ይነበባል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማቀፊያ ቱቦን የሚይዘው በሰበቃ ነው። ዙሪያውን እኩል ሲነካው ይይዛል። የተጠቀለለ ቆርቆሮ የሚነካው እዚህም እዚያም ነው፤ መገናኛው ላይም ክፍተት ይተዋል። ለስላሳ ስለሆነ ደግሞ መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ይሳሳል። ዛሬ ያጠበቅከው ብሎን ከሳምንት በኋላ ልል ነው። «እንግዲያው አብዝቼ ላጥብቀው» ካልክ አሉሚኒየሙን ማቀፊያ ትሰነጥቀዋለህ። ቱቦ ከማቀፊያው በአንድ ሚሊሜትር ከቀጠነ ለዚያ ማቀፊያ አልተሠራም። 30 ቱቦ በ31 ማቀፊያ አይገባም በለው፤ ቢገባም አይገባም።

ስለዚህ ከአፓቺው የምትወስድ ከሆነ ሁሉንም ውሰድ። ቱቦውን፣ ሁለቱን ማቀፊያዎች፣ ጎማውን ከነአክስሉ፣ ዲስኩን፣ ዲስኩን የሚጨብጠውን የፍሬን ካሊፐር፣ እጀታው ላይ ሆኖ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ማስተርና ዘይቱ የሚሄድበትን ሆዝ። እነዚህ አብረው የተወለዱ ናቸው። ከሁለቱ ሞተሮች እያዋሃድክ ስትሄድ ነው መከራው የሚበዛው። እንዲህ ካደረግክ የሚቀርህ ዋና ሥራ አንድ ይሆናል። ከታችኛው ማቀፊያ ተነስቶ በሻንሲው አንገት ውስጥ የሚያልፈውን የመሪ ዘንግ ከአንተ አንገት ጋር ማስማማት።

ዘንጉ አንገቱ ውስጥ የሚዞረው በኩሽኔታ ላይ ነው። እዚህ ላይ በሞተር ስም ማሰብ አቁምና በቁጥር አስብ። «የአፓቺ ኩሽኔታ»፣ «የቦክሰር ኩሽኔታ» የሚባለው ነገር ሱቅ ውስጥ ያደናግርሃል፤ በዚያ ላይ ያው ስም ያለው ሞተር ዓመተ ምርቱ ሲለይ ልኩም ይለያል። ቨርኒየር፣ ሚሊሜትር የሚለካውን መሣሪያ፣ ያዝ። የአንገትህን ርዝመት ለካ። ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን የላይና የታች ውስጠኛ ስፋት ለካ። ከአፓቺው ዘንግ ደግሞ የታችኛውንና የላይኛውን ውፍረት፣ እንዲሁም ከኩሽኔታ እስከ ኩሽኔታ ያለውን ርቀት ለካ። ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፋቸው።

ዕድለኛ ከሆንክ ልዩነቱን በኩሽኔታ ትፈታዋለህ። ውጩ የአንተን አንገት፣ ውስጡ የአፓቺውን ዘንግ የሚይዝ ኩሽኔታ መፈለግ ነው። ሾጣጣ ሮለር ያለው ኩሽኔታ ቁጥሩ ላዩ ላይ ተቀርጿል። 32005 የሚለው ውስጡ 25፣ ውጩ 47፣ ውፍረቱ 15 ሚሊሜትር ነው። 32006 ደግሞ 30፣ 55 እና 17 ነው። ሻጩ ሞተርህን ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ቁጥሩን ንገረው። ሞተርህ እስካሁን በትንንሽ የብረት ኳሶች የሚዞር ከሆነ ወደ ሮለር ስትቀይር መሪህ ይበልጥ ጤነኛ ይሆናል። ውፍረቱ ግን ከኳሶቹ ቤት ሊለይ ስለሚችል ዘንጉ ላይ ለዳዶው የሚተርፈውን ጥርስ አብረህ አስላ።

ዘንጉ ከረዘመ በሮንዴላ ወይም ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ በተቆረጠ ቀለበት ይስተካከላል። ካጠረ ግን ሙግት የለም፤ ዳዶው ሙሉ ጥርስ ካልያዘ አይሆንም። ያኔ ያለህ አማራጭ የአፓቺውን ዘንግ በፕሬስ አስወጥቶ የራስህን ማስገባት ወይም አዲስ ማስቆረጥ ነው። አሉሚኒየም ማቀፊያ ላይ ዘንጉ ብዙ ጊዜ በግፊት የገባ ስለሆነ ይወጣል። የብረት ማቀፊያ ላይ ግን የተበየደ ነው፤ እሱን አትንካው።

ለዚህ ሥራ ድሬ ጥሩ ከተማ ናት። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ደርሶ ከተማዋ ስትቆረቆር ጀምሮ ብረት የምትቆርጥ ከተማ ናት። የባቡሩ ወርክሾፕ ያሳደጋቸው አባቶች ሚሊሜትርን በመቶ ከፍለው የሚያስቡ ነበሩ፤ ከእነሱ እጅ የተማሩ አሁንም አሉ። ቶርነኛህን ስትመርጥ ግን ዘንግ እንደሆነ ንገረው። «ብሎን ቁረጥልኝ» አትበለው። ከግንባታ ፌሮ አይሠራም፤ ጠንካራ የአክስል ብረት ይፈልጋል። ወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በሚወርድበት ቦታ ማዕዘኑ እንደ ቢላ የተቆረጠ መሆን የለበትም፤ ክብ ብሎ ይውረድ። ዘንግ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከዚያ ስለታም ማዕዘን ነው። ብየዳ ደግሞ በምንም ተዓምር አይጠጋው። ከብየዳው አጠገብ ያለው ብረት ተቃጥሎ ተሰባሪ ይሆናል፤ ሲሰበርም ምልክት አይሰጥም።

አንገቱን ለማስፋት በሞረድ እንዳትሞርደው። የሻንሲ ቁጥሩም ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ስለሚቀረጽ ከጠፋ ቦሎ ስታወጣ ጣጣው ሌላ ነው።

ሁሉም ገጠመ እንበል። አሁን ብዙ ሠሪ የማያስበው ነገር ይመጣል። የቢሮ ወንበር ጎማ አይተሃል? ወንበሩን ስትገፋ ጎማው ዞሮ ከኋላ ይከተላል። መሬት የሚነካበት ነጥብ ከሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ ስለቀረ ነው። የሞተር የፊት ጎማም እንደዚያው ነው። የመሪውን ዘንግ መስመር በሐሳብህ እስከ መሬት አውርደው። ጎማው መሬት የሚነካው ከዚያ ነጥብ ኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትሬይል ይባላል። ሞተርህን ቀጥ አድርጎ የሚይዝልህ እሱ ነው። ሲያንስ መሪው ይቀልና ፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል። ሲበዛ ከተማ ውስጥ ከብዶ እንደ ጋሪ ይሆናል።

ማቀፊያ ስትቀይር ይህን ርቀት ትቀይራለህ። ቱቦዎቹ ከመሪው ዘንግ ወደ ፊት የወጡበት መጠን ኦፍሴት ይባላል፤ ከሞተር ሞተር ይለያያል። ለምሳሌ ዘንጉ 27 ዲግሪ የተኛ፣ ከአክስሉ እስከ መሬት 290 ሚሊሜትር የሆነ ሞተር እናስብ። ኦፍሴቱ 40 ሲሆን ትሬይሉ 103 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ኦፍሴቱን 55 ብታደርገው ወደ 86 ይወርዳል። በዚያ ላይ አዲሱ ፎርክ በ30 ሚሊሜትር ቢያጥር ፊቱ ይደፋና ዘንጉ ከ1 ዲግሪ በላይ ይቆማል። ትሬይሉ 79 አካባቢ ይሆናል። ከ103 ወደ 79! ሁለቱ ለውጦች ለየብቻ ትንሽ ይመስላሉ። አብረው ሲመጡ ግን ሌላ ሞተር ነው የምትነዳው።

ይህን ለመለካት ኮምፒውተር አያስፈልግም። የግንበኛ ቱንቢና ሲባጎ ይበቃል። አሁን ያለውን ከመፍታትህ በፊት ሞተሩን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ቀጥ አድርገህ አቁም። ፎርክህ ጎብጧልና ቁጥሩ ትንሽ ያሳስትሃል፤ ከቻልክ ጤነኛ ቦክሰር ያለውን ሰው ለምነህ በእሱ ሞተር ላይ ለካ። ሲባጎውን በአንገቱ ጎን፣ ልክ እንደ አንገቱ አጋድለህ እስከ መሬት ወጥረው፤ የደረሰበትን በጠመኔ ምልክት አድርግ። ከአክስሉ መሃል ቱንቢ አውርድና ያንንም ምልክት አድርግ። በመካከል ያለውን በሜትር ለካ። አዲሱን ስትገጥም ድገመው። ልዩነቱ 10 ሚሊሜትር አካባቢ ከሆነ እኔ አልጨነቅም። 20 እና ከዚያ በላይ ወደ ታች ከሄደ ዕቃ ጭኖ ደንገጎን ለሚወርድ ሰው አልገጥምም። ቱቦዎቹን በማቀፊያው ውስጥ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ በማንሸራተት ጥቂት ማስተካከል ይቻላል፤ ተዓምር ግን አትጠብቅ።

ርዝመቱን ስታስተካክል ይህን አትርሳ። ሞላዎቹን አውጥተህ ፎርኩን እስከ መጨረሻው ጨፍልቀው። ጎማው ታችኛውን ማቀፊያ ወይም ፓራፋንጎው የጭስ ማውጫውን ከነካ፣ አንድ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ጎማህ ተይዞ ባለበት ይቆማል። ከዚያ በኋላ የምትበረው አንተ ነህ።

ፍሬኑ ላይ የምለው ደስ የሚል ነው። ዲስክ ካገኘህ ለዚያ ቁልቁለት ትልቅ ትርፍ ነው። የከበሮ ፍሬን ከላይ ጀምረህ ይዘኸው ስትወርድ ይግላል፤ ታች ስትደርስ መያዙን ይረሳል። ሽታውን ታውቀዋለህ። ዲስክ ነፋስ ያገኛል። ማስተሩን ግን የአፓቺውን ተጠቀም፤ የሌላ ሞተር ማስተር ከካሊፐሩ ጋር ካልተመጣጠነ ወይ ድንጋይ ይሆንብሃል ወይ እስከ እጀታው ይገባል። ሆዙ ፎርኩ ሙሉ ተዘርግቶ፣ መሪውም ዳር ድረስ ዞሮ መወጠር የለበትም።

ምናልባት «ጎማዬን አልለውጥም፣ የራሴን የከበሮ ፍሬን አስገባለሁ» ብለህ ይሆናል። እንግዲያው አንድ ነገር በዓይንህ እይ። የከበሮው ሰሌዳ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። የቦክሰርህ ፎርክ ላይ ደግሞ እዚያ ውስጥ የሚገባ ጉብታ አለ። ፍሬን ስትይዝ ሰሌዳው ከጎማው ጋር እንዳይዞር የሚያስቀረው ያ ጉብታ ብቻ ነው። ለዲስክ የተሠራ ፎርክ ይህ የለውም። አንዱ ደንበኛዬ ሌላ ቦታ እንዲህ አስገጥሞ መጣ፤ ሰሌዳውን በሽቦ አስረውለታል። በሽቦ! ከበሩ ላይ መልሼ አስፈታሁት።

ጥቃቅኑን በፍጥነት ልበለው። መሪው ግራና ቀኝ ሲዞር የሚያቆመው ጉብታ መኖሩን አረጋግጥ፤ ከሌለ ፎርኩ የቤንዚን ታንኩን ይመታል፣ ሽቦም ይቆርጣል። የፍጥነት መለኪያው ላይገጥም ይችላል። የመብራት ማሰሪያ በብየዳ ልጅ እጅ ያልቃል።

ሞላውና ዘይቱ ላይ ግን ቆም በል። የፊት ክፍሉ የተሠራው ለሌላ ሞተር ክብደት ነው። ቱቦው ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰር። ሞተሩን ከመሬት አንስተህ ማሰሪያውን ታች ድረስ ግፋው፤ ከዚያ አውርደህ እንደወትሮው ተቀመጥበት፣ የምትጭነውንም ሰው ከኋላ አስቀምጥ። ሳትነጥር ውረድና ማሰሪያው የሄደበትን ለካ። ከጠቅላላው እንቅስቃሴ ሲሶ ያህል ከሰመጠ ደህና ነው። ግማሽ ከሆነ ከሞላው በላይ አጭር የቱቦ ቁራጭ ጨምርበት፤ ያም ካልበቃ ሞላው ለአንተ ጭነት ልፍስፍስ ነው። ዘይት 10 ቁጥር የፎርክ ዘይት ይሁን። ካጣህ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ኤቲኤፍ የሚባለው፣ ይቀራረባል። የሞተር ዘይት 20/50 አትጨምር፤ ጠዋት ደንገጎ ላይ ብርድ ሲነካው ይወፍርና ፎርኩ እንደ ዱላ ይሆናል። ሁለቱ እግሮች ውስጥ እኩል ይግባ። ከፍታውን ሞላው ወጥቶ፣ ፎርኩ ተጨፍልቆ ለካ።

ስትጨርስ የፊት ጎማውን አንሳና መሪውን ከመሃል ትንሽ ግፋው። በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ዳር ይደርሳል። ከተንቀረፈፈ ኩሽኔታው ታንቋል። ፎርኩን ከታች ይዘህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትስበው ቷ ካለ ላልቷል። ሙከራህን ደልዳላ መንገድ ላይ አድርግ፤ መልካ ጀብዱ ድረስ ሄደህ ተመለስ፣ ብቻህን። ከ50 ኪሎሜትር በኋላ ሁሉንም ብሎን ደግመህ አጥብቅ። ደንገጎ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰው የምትጭነው ደግሞ ከደንገጎ በኋላ።

አሁን የኔን ምርጫ ልንገርህ። እኔ አንተን ብሆን መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ፣ ሰው አስፈልግ ነበር። ቦክሰር በየመንገዱ ያለ ሞተር ነው። ሙሉ ፎርክ ባይገኝ ቱቦው ለብቻው ይሸጣል። ሁለት ቱቦ፣ ሁለት ኦይል ሲል (ዘይቱ እንዳይፈስ የሚያግድ ጎማ)፣ አዲስ ዘይት፤ በግማሽ ቀን ይገጠማል። ቶርኖ የለ፣ ቱንቢ የለ። አፓቺውን የምመርጠው ለዲስክ ፍሬኑ ብዬ፣ ልፋቱንም አውቄ ከሆነ ብቻ ነው። የጎበጠውን በፕሬስ ላቃናልህ የሚልህ ካለ ደግሞ ለብስክሌት ይሁንለት።

አፓቺውን ልታይ ስትሄድ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ያዝ። ሻጩ ይስቅብሃል፤ ይሳቅ። ቱቦው ሲንከባለል ብርሃን ካየህ «አላህ ይስጥልኝ» ብለህ መስታወትህን ጠቅልለህ ውጣ። ቀጥ ካለ ቁጥሮቹን ጽፈህ ላክልኝ፤ ኩሽኔታውን እኔ አሰላልሃለሁ።